ለማስረጃ የላክሁት ፎቶ

ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ ትምህርት ቤቷ ባዘጋጀው የወላጆች በዓል ላይ መዝሙር ስታቀርብ ፈርታ መድረኩ ላይ ሽንቷ አመለጣት። አስተማሪዋ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳንደርስ ጎረቤት ሁሉ አይቶት ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ሴቻ ወዳለው የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወጣሁ። ኃላፊው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ "ይሄን በቀጥታ የሚከለክል ሕግ እንኳ የለንም፣ እህቴ። ለማንኛውም ፎቶውን ለማስረጃ ላኪልኝ" አለኝ። ሞኝ ነኝ፣ ላክሁለት።

አስተማሪው ይጠየቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ተጠራሁ። እዚያ ቢሮ ለችግር ሁሉ መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ አበል ይፈረማል፣ በቃ።

ኃላፊው "ልጆቻችንን ከኢንተርኔት ጥቃት እንጠብቅ" ብሎ ንግግሩን ጀመረና የልጄን ፎቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አወጣው። ፊቷን እንኳ አልሸፈነውም። አዳራሹ ሳቀ።

ለስብሰባው ተማሪዎችም ተጋብዘው ነበር። ዞር ስል ልጄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከክፍሏ ልጆች መሀል አቀርቅራ ተቀምጣለች። ይዟቸው የመጣው ያው አስተማሪ ነበር።