ጋቢ የለበሰው ስክሪን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኬን አንስታ፣ «እማማ፣ አዲስ ማደሻ መጥቷል ይላል፤ ልጫንልሽ?» አለችኝ። «አሮጌውን ይጥለዋል እንዴ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። ይህችን ጥያቄ ፍለጋ ከጭሮ ሂርና ድረስ መሄዴን የት ታውቃለች!

ያኔ ጉልበቴ ገና ሙሉ ነበር። ታናሽ እህቴ ትዕግሥት ድሬዳዋ ኮምፒውተር ተምራ መጥታ ጭሮ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት ሱቅ ከፍታለች። ቫይረስ አያጠቃውም ብላ ማሽኗን ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም ነበር የምታሠራው። ሥራው ግን አልገፋ አላት። «እትዬ፣ ይሄ ካልሆነ ዐረብ አገር እሄዳለሁ» ማለት ስትጀምር እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ሳለን ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ የጫት ነጋዴ የልጃቸውን የሰርግ ጥሪ ካርድ አዘዙን። በእኛ አገር የነጋዴ ሰርግ ጥሪ ከጫት ጋር ነው የሚሄደው፤ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው መኪና በየከተማው እያደለ ያልፋል። የጫት መኪና ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ትዕግሥት ማሽኑ ለሥራው ይበርታ ብላ ካርዱ በሚሄድበት ቀን ዋዜማ በሲዲ ያመጣችውን ማደሻ ጫነችለት። ጠዋት ስናበራው ስክሪኑ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም! ፊደሉ አይያዝ፣ ዓይን ያጥበረብራል። መጀመሪያ የጠረጠርነው መብራቱን ነው፤ የጭሮ መብራት አመሉ ይታወቃላ። ሶኬት ቀየርን፤ ያው ነው። እንግዲያውስ ስክሪኑ ታሟል አልን።

የጭሮው ጠጋኝ ለቅሶ ሄዷል። ያን ድንጋይ የሚያህል ስክሪን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ ከትዕግሥት ጋር የሂርና ሚኒባስ ላይ ወጣን። መስከረም ነበር፤ ማሽላው አፋፉን ሁሉ ሞልቶ ራሱን ያወዛውዛል። ሌላ ቀን ቢሆን እሱን ሳይ እጠግብ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ጫት ሻጭ አላስችል አላት።

«ያ ረቢ! ልጁን አፈንሽው እኮ፤ አየር ይግባው እንጂ!»

ጋቢውን ገለጥ ባደርገው መስታወት! ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። «በይ አላህ ያሽረው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አሜን» አልኩ፤ ከልቤ ነበር።

ሂርና ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር ቢያገናኘው ስክሪኑ እንደ ኩሬ ውሃ ጸጥ አለ። «እህቶቼ፣ በሽተኛውን ቤት ትታችሁ ጤነኛውን ነው ያመጣችሁት» አለን።

ማፈር ቀርቶ ልቤ ዘለለ። ስክሪኑ ጤነኛ ከሆነማ ሌላ አንገዛም! ትዕግሥት እዚያው ቆማ ድሬዳዋ ላለው አስተማሪዋ ደወለች። ማሽኑን ከውስጥ የሚያዘው ክፍል፣ ከርነል የሚሉት፣ ትናንት መታደሱን ስትነግረው እኔ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ።

«አሮጌውን ጥሎታል እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። ገበሬ ዘመዶቻችን አዲስ ዘር ሲመጣላቸው ይዘራሉ፤ የአምናውን ማሽላ ግን ጉድጓድ ያኖሩታል።

«ማናት እሷ? ደግ ጠየቀች» አለ ሰውየው። «አልጣለውም። ስታበሩት ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ፤ ዝርዝር ሲመጣ አሮጌውን ምረጡ።»

መንገዱን ቅቅል ስኳር ድንች እየበላን፣ የሾፌሩን እግር በዓይናችን እየገፋን ተመለስን። ሱቁ ውስጥ ትዕግሥት ማብሪያውን ነካች፤ እኔ ያችን ወደ ላይ የምትጠቁም ቀስት ያለባትን ቁልፍ ጣቴ እስኪነጣ ያዝኩ። ጥቁር መደብ ላይ ነጫጭ ጽሑፍ መጣ። ሁለተኛውን፣ አሮጌውን፣ መረጠች።

ጸጥ። ብልጭታ የለ፣ ድርግምታ የለ። እልል ስል መናኸሪያው ሁሉ ዞረ።

ካርዱን አትመን የመጨረሻውን ቀለሙ ሳይደርቅ ይዤ ስሮጥ የጫት መኪናው ሞተር አስነስቶ ነበር። ሾፌሩ በመስኮት ተቀብሎኝ በረረ።

ከሐጂ ሰርግ በኋላ የሂርናም የቦኬም ሙሽሮች ትዕግሥትን ፈልገው መጡ፤ ዐረብ አገርን ዳግም አላነሳችም። ሰው አዲስ ነገር ሲሞክር መመለሻውን ማኖሩ ፍርሃት እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ እንዲያውም ያደፋፍራል። ለልጅ ልጄም «ጫኚው» አልኳት። ከተበላሸ ትዕግሥት አለች፤ አሁንም ሱቋ በር ላይ ሳልፍ «እትዬ፣ ጣትሽን ይዘሻል?» ትለኛለች።