ባቡሩ የሚያልፍበት ቤት

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ትልቁም ትንሹም «አባ ዝግታ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ከከተማው ዳር ካለው ሰፈራቸው ወደ መሃል የሚሄደውን አውቶቡስ ጎልማሳነቱን ሙሉ ሲነዳ ኖሮ፣ ሌላ መኪና ለመቅደም ብሎ ከመስመሩ ወጥቶ አያውቅም። የቸኮለ ሰው ከኋላ «ኧረ ጋሼ፣ ጡረታ ሳንወጣ ያድርሱን!» ብሎ ሲጮህ፣ በመስታወቱ እያየው «እኔ የማደርስህ መሥሪያ ቤትህ ነው ልጄ፤ ወዲያኛው ዓለም ለመድረስ ከቸኮልክ ሌላ ሾፌር ፈልግ» ይለዋል። አውቶቡሱ በሳቅ ይሞላል።

እሱና ሚስቱ ቦታውን ሲይዙ ሰፈሩ ሰፈር ለመባልም አይበቃም ነበር፤ ከጓሯቸው ወዲያ ሣር ብቻ ነው። ቤቱን የሠሩት ክፍል በክፍል ነው። ደሞዝ ሲተርፍ ግድግዳ፣ ስፌት ሲበረታ ጣሪያ። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ የፊተኛው ክፍል የእሷና የስፌት መኪናዋ ነበር። ወገቡን እየለካች «አትተንፍስ... ቆይ... በል አሁን ተንፍስ» ያላለችው የሰፈር ልጅ የለም ማለት ይቻላል።

በጓሮ በኩል ያለውን የመጨረሻ ክፍል የሠሩት ለልጃቸው ነው። አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለቻቸው፤ እነሱም ተስፋ ቆርጠው፣ ሰውም መጠየቁን ትቶ ሳለ የመጣች። እንደ አባቷ ቀልደኛ፣ እንደ እናቷ እልኸኛ። ክፍሉን ራሷ አረንጓዴ ቀለም ቀባችው። አባቷ በበሩ ብቅ ብሎ «ሆስፒታል አስመሰልሽው እኮ!» ቢላት፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ ከአሁኑ ልልመደው ብዬ ነው» አለችው። እንዳለችውም አልቀረም። ተምራ መሃል ከተማ ባለ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆነች።

እሱ ጡረታ ወጣ። በሰፈሩ በየዓመቱ ቤት በቤት ላይ ተጨመረ፣ መንገዱ ግን ያው የድሮው ጠባብ መንገድ ነው። አውቶቡሶቹ አርጅተው ሲቆሙ የተካቸው አልነበረም። ሰው ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ይሰለፋል፣ የመጣው ሚኒባስ ላይ ይጋፋል። ሚኒባሶቹ ደግሞ ትርፋቸው ምልልስ ነውና ይከንፋሉ።

ዝናብ ሲጥል ባደረ አንድ ጠዋት፣ ልጅቷ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሊቀድም ወጥቶ አሸዋ ከጫነ መኪና ጋር ፊት ለፊት ተላተመ። አባ ዝግታ ጓሮ ቧንቧው ሥር ፊቱን እየታጠበ ነበር። ጎረቤቶቹ አፍ አውጥተው ሳይነግሩት፣ በሩን ያንኳኩበት አኳኋን ነገረው። የሮጠው ሳሙናውን ከፊቱ ላይ ሳያለቃልቅ ነው። አልደረሰላትም። ማንም አልደረሰላትም።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት ሐዘን ተቀመጠ። እናት የልጇን አልጋ በየሳምንቱ ታነጥፋለች። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ገፍፋ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ተኩሳ ትመልሰዋለች። ጠዋት መስኮቱን ትከፍታለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች። አባት ግን በዚያ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልዘለቀም። የእሱ መሄጃ መንገዱ ነው። ፌርማታው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰዉ ሲጋፋ ያያል። ሚኒባስ ተስፈንጥሮ ሲነሳ ቀኝ እግሩ ሳይታወቀው መሬቱን ይረግጣል፤ ፍሬን የሚይዝ ይመስል።

የባቡሩ ነገር የመጣው እነሱ እንዲህ ሆነው ሳለ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከመሃል ከተማ እስከ ሰፈራቸው ሐዲድ ሊዘረጋ አሰበ። ለዚህ ሲባል የቤት ግብር ይጨመራል፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝም ፎቅ እንዲሠራ ይፈቀዳል። ሕዝቡ የምክር ቤት አባላትን በሚመርጥበት ቀን በዚህም ላይ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ብሎ ድምፅ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ሰፈሩ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ። ማታ ማታ ሰው ከሥራ ሲመለስ ባለ ሱቁ ደጃፍ ላይ ክርክሩ ይደራል። ባለ ሱቁ ራሱ የለየለት ተቃዋሚ ነበር።

«ባቡሩንማ ማን ጠላ! እኔ የጠላሁት ግብሩን ነው» ይላል ሚዛኑን እየወለወለ። «ዛሬ ግብር፣ ነገ ፎቅ። ከነገ ወዲያ አንዱ ከሰማይ ላይ ሆኖ ቁልቁል የእኔን ድስት ያይብኛል!»

ይሳቃል። ግን ከሳቁ በታች እውነት አለው። አሮጊት እናቱ ከአንዲት ቤት በቀር ምንም የላቸውም፤ ግብሩ ከጨመረ ያችኑ ሸጠው መውጣታቸው ነው። ወዲያው ደግሞ የባንክ ዘበኛ የሆነ ጎረምሳ አባት ይነሳል። «እኔ ልጄን የማውቀው ተኝቶ ነው» ይላል። «ተኝቶ ጥዬው እወጣለሁ፣ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ባለፈው በእረፍቴ ቀን ላቅፈው ብል እንግዳ ነው ብሎ አለቀሰብኝ።» ያኔ ባለ ሱቁ ራሱ ሚዛኑን መወልወል ይተዋል። የነገሩ ክፋቱ ይኸው ነበር፤ የተሳሳተ ሰው አልነበረም።

«ይሁን» ለሚሉት ወገኖች የምትቀሰቅሰው የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፤ ራሷም ለምክር ቤቱ ተወዳድራለች። አንድ ቀን አባ ዝግታ ቤት መጥታ፣ በሩ ላይ እንደቆመች «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለችው። «መንገዱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ለሰዉ ይናገሩልኝ።»

ልጁን ከቀበረ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እምቢ ይላል ብላ ስትጠብቅ ኮቱን አንስቶ ተከተላት።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ሰዉ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ ሳለ፣ አባ ዝግታ ቆሞ ኮፍያውን ጨበጠ። «እኔ የግብሩን ነገር አላውቅም፤ የሚያውቁት ይንገሯችሁ» አለ። «መንገዱን ግን ታውቁታላችሁ። እኔ ያጣሁትንም ታውቃላችሁ። እኔ ደግሜ የማጣው የለኝም። ነገ ጠዋት በዚያ መንገድ የሚሄደው የእናንተ ልጅ ነው።» ከዚህ በላይ መናገር አቃተው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ በየቤቱ እየዞረ በር ያንኳኳ ጀመር። ሰዉ «አባ ዝግታ ነፍስ ዘራ» አለ። ሚስቱም ይህን አይታ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ጫማውን ትወለውልለት ነበር።

ሳምንታት አለፉና የሐዲዱ ካርታ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አባ ዝግታ ከሰዉ መሃል ተጋፍቶ ቀረበ። ቀዩ መስመር ከመሃል ከተማ ተነስቶ ሜዳውን አቋርጦ ሰፈራቸው ሲደርስ በእነሱ መደዳ ላይ ያልፋል። መንገዱን በጣቱ ተከተለ፣ መታጠፊያውን ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። የራሱ ቤት ከመስመሩ ሥር ነው።

ለሚስቱ ሊነግራት ስንት ጊዜ አፉን ከፈተ። ዞሮ ዞሮ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ወሬው ግን እግር አለውና ክር ልትገዛ ሱቅ በሄደችበት ቀደመው። ስትመለስ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«አውቀህ ነው በየሰዉ ደጅ የምትዞረው?»

«ካሳ ይሰጡናል፤ ምትክ ቤትም...»

«ክፍሏን ነው የምልህ!»

«አንቺ፣ እሱ እኮ ግድግዳ ነው» አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ሊመልሰው ወደደ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «ላንተ ግድግዳ ነው» አለችው ረጋ ብላ። «አንድ ቀን ገብተህ አታውቅማ።»

«የሌላ እናት ልጅ እንዳትሞት ብዬ ነው።»

«ሌላዋ እናትማ ልጇ አለቻት። እኔ ያለኝ ክፍሉ ነው።»

ክሯን አንስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ስትሄድ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው «እኔ አይሁን ነው የምለው» አለች። «ከጀርባህ አላደርገውም፤ ይኸው ነገርኩህ።»

በማግስቱ እሷ ዩኒፎርም ልታስረክብ ወጣች፤ አባ ዝግታም ልጁ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሏን በር ከፈተ። ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው። ነጭ የሥራ ካፖርቷ በሩ ጀርባ ላይ ተሰቅሏል፣ ሁለት ጥንድ ጫማዋ ከአልጋው ሥር ተደርድሯል። ከመብራት ማብሪያው አጠገብ ቀለሙ በጣቷ አሻራ ልክ ወዝቷል። እዚያ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሲወጣ የተቀመጠበትን አንሶላ በእጁ ደባበሰው፤ ሚስቱ ግን ስትመለስ አይታ አወቀች።

መምህሯ ዘንድ ሄዶ ሐዲዱን ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። እሷም ስለ እሱ ብላ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰች። ፈቀቅ ካለ ከእነሱ ኋላ ያለው መደዳ እንዳለ ይፈርሳል አሏት፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው።

«ጋሼ፣ ይብቃዎት» አለችው ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እስከ ዛሬ የደከሙት ይበቃል። ቤትዎ ይቀመጡ፤ ማንም አይታዘብዎትም።»

ተነስቶ ኮፍያውን አደረገ። «የጀመርኩትን መደዳ ልጨርስ» አለና ወጣ።

ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ ባለ ሱቁ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። «የገዛ ቤትህን ልታስፈርስ ነው የምትለምነኝ?» አለው።

«አዎ።»

ባለ ሱቁ አንገቱን ደፋ። «ወንድሜ፣ እኔ ለእናቴ ስል አይሁን ነው የምለው። ካንተ ጋር ለመከራከር ግን ከዛሬ ጀምሮ አፍራለሁ።» እውነትም ከዚያ ቀን ወዲያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተከራከረም።

የምርጫው ዕለት መሬቱ ጭቃ ነበር። ባልና ሚስት አብረው ወጡ፤ እንዳታዳልጣት ክንዱን ሰጣት፣ ያዘችው። ሰዉ ጉዳያቸውን ያውቃልና ሰልፉ ውስጥ ሲገቡ ፈቀቅ አለላቸው። እሷ ቀድማ ገባች። ስትወጣ መሃረቧን አፏ ላይ ይዛ ነበር። እሱም ገብቶ «ይሁን» ከሚለው ላይ ምልክቱን አደረገ። ሲመለሱም ክንዱን እንደያዘች ነው። ምሳ አቀረበች፣ በሉ። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወሩ።

«ይሁን» በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። የእነሱ መደዳ በሙሉ ማለት ይቻላል «አይሁን» ብሎ ነበር። መምህሯም ተመረጠች። ወጣቶቹ እያጨበጨቡና እየዘፈኑ አባ ዝግታን ሊሸከሙ ደጁ ድረስ መጡ። በሩን ከፍቶ ሁለት እጁን ዘረጋባቸው። «እባካችሁ ልጆቼ» አለ፤ «እባካችሁ፣ ውስጥ ሰው አለ።» ዘፈኑ እንደ መብራት ጠፋ። አንድ ባንድ ተመለሱ።

ቤቱን የሚለቁበት ጊዜ ሲደርስ ሚስቱ የልጇን ዕቃ ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም። አንሶላውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ በሻንጣ ከተተች። የተሰጣቸው ምትክ ቤት የባቡር ጣቢያ ይሆናል ከተባለው ቦታ አጠገብ፣ ቀድሞ የተሠራ ፎቅ ውስጥ ነው። እሷ ግን ሌላ ከተማ ወዳለች እህቷ ዘንድ ለመሄድ ቆርጣለች።

«ተጣላሁህ ማለት አይደለም» አለችው ሻንጣዋ መኪና ላይ ሲጫን። «ያደረግኸው ክፉ ነው አልልም፤ ለማንም አልልም። አብሬህ የምገባበት ቤት ግን የለኝም።»

ሊለምናት አስቦ ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን ተወው። የኮቷን አንገት አስተካከለላትና መኪናው ተነሳ።

ቤቱ በሚፈርስበት ቀን ሰዉ «አትሂድ» ቢለውም ሄደ። ማሽኑ ከፊት ጀምሮ እየናደ መጥቶ ሠራተኞቹ ለምሳ ሲሄዱ የጓሮው ግድግዳ ብቻውን ቆሞ ቀረ። አረንጓዴው ቀለም፣ ሥዕል የተሰቀለባቸው ምስማሮች፣ አልጋው የነበረበት ቦታ፣ ሁሉም ከመንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ወጪ ወራጁ ቆም እያለ ያያል። አባ ዝግታ የልጁ ገመና የተገለጠ ያህል ተሰምቶት ኮቱን አወለቀ፤ ግን በአንድ ኮት ምኑን ይሸፍናል? ኮቱን በእጁ እንደያዘ፣ ሠራተኞቹ ተመልሰው እስኪጥሉት ድረስ ከግድግዳው ፊት ቆመ።

ዓመታት አልፈው ባቡሩ ሥራ ጀመረ። ፎቆቹም ቆሙ። የባለ ሱቁ እናት ቤታቸውን ሸጠው ከልጃቸው ጋር ተዳብለዋል። አባ ዝግታ ብቻውን ይኖራል። በየጊዜው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሚስቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። እህቷ ሻይ አፍልታላቸው ወጣ ትላለች። ሚስቱ የላላ ቁልፉን ትሰፋለታለች፣ ከሳህ ትለዋለች። ስለ ባቡሩ እሱ አያነሳም፣ እሷም አትጠይቅም ነበር።

አንድ ቀን ግን ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ፣ ቀና ሳትል «ሰው ይሳፈርበታል?» አለችው።

«ይሳፈርበታል። ጠዋት ጠዋት ጢም ይላል።»

«ሴቶች ልጆችስ?»

«ሞልተዋል። ወንበር ካገኙ ይተኛሉ። ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ እስኪደርሱ ድረስ ይተኛሉ።»

እጇ ጨርቁ ላይ ቀረ። «ይተኙ» አለች በመጨረሻ። «እሰይ፣ ይተኙ።» እንባዋ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ጠብ ጠብ ሲል በመዳፏ ጠረገችው፣ ቀለሙ እንዳይለቅ።

አባ ዝግታ ተስፋ አደረገ። «ታዲያ ዛሬ አብረን እንሂድ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ራሷን ነቀነቀች። «አይ። አልችልም።»

ፌርማታው ድረስ ሸኘችው። በመንገድ ላይ ክንዱን ይዛ ነበር። አውቶቡሱ ከሩቅ ብቅ ሲል ለቀቀችው፤ ሲሳፈር ላለማየት ፊቷን አዙራ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ወደ እህቷ ቤት ተመለሰች።