አያ ፈንቴ ቶርኗቸውን የሸኙ ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰኔ በገባ ሰሞን፣ ከጉና ግርጌ ወደ ገሳይ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። ዕድሜዬን በዜና ሥራ ነው የፈጀሁት። ጎርፍም፣ እሳትም፣ የመኪና አደጋም ዘግቤአለሁ። ያየሁትን በትክክል ከተናገርኩ ሰው ይረዳኛል ብዬ አምን ነበር። ያን ዕለት ያየሁትን በትክክል ተናገርኩ፤ አንድም ሰው አላመነኝም። የማልረሳውም ለዚህ ነው።

ከሥራዬ ውጭ አንድ አመል አለኝ፤ አሮጌ የእንጨት ሥራ ማሽን መሰብሰብ። ደብረ ታቦር ውስጥ ከሚስቴ ወንድም ከይርጋ ጋር ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለን። ይርጋ አናጢ ነው። እኔ የወዳደቁ ማሽኖችን እያፈላለግሁ አመጣለሁ። ዝገቱን እንፍቃለን፣ ኩሽኔታ እንቀይራለን፣ ግራሶ እንቀባለን፤ ቀን ከቀናን ይነሣሉ። ሚስቴ ቤቱን "የብረት ጡረታ ቤት" ትለዋለች።

የጉናውን ቶርኖ የጠቆመን አንድ የበግ ነጋዴ ነው። ቶርኖ እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ የአልጋና የወንበር እግር የሚወጣው ከእሱ ነው። ባለቤቱ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ከተማ ሠርተውበታል። ወደ አገራቸው ሲመለሱም ይዘውት መጡ። በእግር የሚረገጥ ስለሆነ መብራት አይፈልግም። ጉልበታቸው ሲደክም ግን ማሽኑ ከበጎቹ ጋር ማደር ጀመረ።

ከይርጋ ጋር ሄደን አየነው። ቁመቱ የሰው ያህላል፤ ባንደኛው ጫፉ ክብ የብረት ራስ አለው። ላዩ ላይ የገብስ ማዳበሪያ ተደርድሮበታል። ይርጋ ከሥር ገብቶ በመዳፉ ዳበሰውና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ "አልተሰነጠቀም። ይኼ ካመለጠን ሌላ አናገኝም" አለኝ።

አያ ፈንቴ ሊሰጡን ተስማሙ። ግን ቸኮሉ።

"ይታይሽ ገሳይ ገበያ ወርዳለች" አሉን ስለ ባለቤታቸው። "አይጥ እንዳይበላባት ገብሷን የምትደረድረው በዚህ ላይ ነው። እሷ ከመጣች ይኼ ብረት እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀበራል።"

"እንግዲያው ይጠብቋቸውና ይጠይቋቸዋ" አልኩ።

"ሚስት አለችህ?"

"አለችኝ።"

"ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ብረቱን አንሣ!"

እኛም መቸኮል ነበረብን። ገሳይ ላይ የሚጠብቀን አይሱዙ ከሰዓት በኋላ ይነሣል። መንኮራኩሩንና መርገጫውን ፈትተን በአያ ፈንቴ በቅሎ ላይ ጫንን። ረጅሙ አካሉ ግን ለበቅሎ አይሆንም። አያ ፈንቴ ሁለት አጣና በጠፍር አስረው ቃሬዛ ሠሩለት። ከገሳይ ይዘናቸው የመጣን ሁለት ተሸካሚዎች ከፊት ገቡ፤ እኔና ይርጋ ከኋላ።

ልንነሣ ስንል ካፊያ ጀመረ። አያ ፈንቴ ወደ ቤት ገቡና ነጭ ጋቢ ይዘው ወጡ። ማሽኑን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈኑት፤ ዳር ዳሩንም እንዳይገልጠው ሸጎጥ ሸጎጥ አደረጉት።

"ብረት እኮ ብርድ አይፈራም" አልኳቸው።

"አንተ ዝም በል። አብረን ነው ያረጀነው" አሉና በቅሏቸውን እየሳቡ፣ ዓይናቸውን በኩታቸው እየጠረጉ ተከተሉን።

ብረቱ ከበደን። ጥቂት ሄደን እናሳርፋለን፤ ጥቂት ሄደን እናሳርፋለን። ከፊታችን ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ አቀበት። ይርጋ አቀበቱን አይቶ "አይሱዙው ጥሎን መሄዱ ነው" አለ።

ያኔ ነው ከመንገዱ በላይ ያርስ የነበረ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ወደ እኛ የሮጠው። ባርኔጣውን አወለቀ። ምንም ሳይጠይቅ ትከሻውን ከእኔ ጎን አስገባና "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አለ።

"ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው" አልኩት።

ሰውዬው ዞር ብሎ ዓይናቸውን የሚጠርጉትን አያ ፈንቴን አየ። ነጩን ጋቢ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ገብቶኛል" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ገሳይ ያለችው እህቷ ሳትረዳ በመንገድ እንዳትሰማ ነው። ደግ አደረጋችሁ። ምስኪን ይታይሽ! ትናንት ደህና ነበረች እኮ።"

"እመት ይታይሽ ገበያ ናቸው! ይኼ ቶርኖ ነው!"

"እንዲያ ነው። ማንም ቢጠይቅህ እንዲያ በል።"

በእኛ አገር ሞት ለዘመድ በመንገድ አይነገርም። ሰው እስኪሰበሰብ፣ መርዶው በወጉ እስኪነገር ይደበቃል። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ለዚህ ወግ እኔ የምናገረው እውነት የተመቸ መሆኑን ነበር። በካድኩ ቁጥር የሴትዮዋ ሞት ይረጋገጣል።

ወንዙን ሳንሻገር ሌሎች ሦስት ሰዎች ገቡ። ገበሬው ለመጡት ሁሉ "ማሽን ነው በሉ ተብሏል" እያለ ያንሾካሹካል። ሰዎቹ ተራ በተራ ወደ አያ ፈንቴ ጠጋ እያሉ፣ እንባ እየተናነቃቸው "አይዞዎት አያ ፈንቴ፣ ማሽን ነው" ይሏቸዋል።

"አውቃለሁ ልጆቼ" ይላሉ አያ ፈንቴ። "ግን ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ከየት አገኛለሁ?"

ይህን ሲሰሙ ሰዎቹ ጭራሽ ባሰባቸው።

በማስረጃ ላሳምናቸው ወሰንኩ። ቃሬዛው ሲያርፍ የጋቢውን ጫፍ ያዝኩ። ከግራም ከቀኝም እጄን ቀጨም አደረጉኝ።

"ፊቷን ልትገልጥ? በመንገድ ላይ? ምን ዓይነት ሰው ነህ?"

ይርጋ ከኋላ በክርኑ ጎሰመኝ። "ማስተባበሉን ተው። ቢያንስ አቀበቱን እስክንወጣ።"

"አልዋሽም።"

"ዋሽ ማን አለህ? ዝም በል ነው የምልህ!"

ዝም አላልኩም፤ ለውጥ ግን አላመጣሁም። ቃሬዛው አሁን በብዙ ትከሻ ላይ ሆኖ አቀበቱን እንደ ላባ ይወጣል። እኔ ትከሻዬን የማስገባበት ቦታ እንኳ አጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ስንደርስ የደብሩ ቄስ ጥላቸውን ዘርግተው፣ መስቀላቸውን ይዘው ተቀላቀሉን።

"ስመ ክርስትናዋ ማነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"አባቴ፣ ይኼ ክርስትና አልተነሣም።"

ቄሱ ደነገጡ። "በዚህ ዕድሜ? ሳይጠመቅ?"

"ኧረ ይተዉት አባቴ፣ እሱ እንግዳ ነው!" አለች በመንገድ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር የተቀላቀለችን፣ እናኑ የምትባል የአያ ፈንቴ ጎረቤት። "ወለተ ማርያም ናት! ወለተ ማርያም!" ምስጢሩን እስካሁን በነጠላዋ ጫፍ አፍና የያዘችው እናኑ ስሙን ስትጠራ ፈነዳች። "ዋይ! ዋይ! ዕቃ ማን ያውሰኝ! እሳት ማን ይጫረኝ!" ሴቶቹ ተከተሏት። አያ ፈንቴ በቅሏቸውን እየሳቡ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ ስሙን አልሰሙም። ቄሱ ጸሎታቸውን ጀመሩ።

በዚህ መሐል ከገሳይ በኩል ዘንቢል ያዘሉ፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ አንዲት ወይዘሮ ብቅ አሉ። ለቅሶ መሆኑን ሲያዩ እንደ ወጉ ዘንቢላቸውን አወረዱ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ዋይ እያሉ ገቡ። ደረታቸውን እየደቁም ወደ እናኑ ጠጋ አሉ።

"እኔን! እኔን! ማን ነው የሞተብን እናኑ?"

እናኑ ቀና አለች። ቀጥሎ የወጣው ጩኸት ግን የለቅሶ አልነበረም። ሮጣ ከቄሱ ጥላ ኋላ ተወሸቀች። ሴቶቹ እያማተቡ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ምን ሆናችሁ? ማን ነው የምላችሁ?"

"እርስዎ ነዎት" አለ ገበሬው በፍርሃት።

እመት ይታይሽ ቃሬዛውን አዩ። ባላቸውን አዩ። ከዚያ ጋቢውን አዩ።

"ጋቢዬ!" አሉና ባንድ እጃቸው መነጨቁት።

ቶርኖው ግራሶ እንደተቀባ፣ ካፊያው እያረፈበት፣ በሰው ሁሉ ፊት ተጋለጠ። ሕዝቡ ብረቱን አየና ሁሉም ባንድነት ወደ እኔ ዞረ።

"ምነው ወንድሜ፣ ማሽን መሆኑን አትነግረንም?" አለኝ ገበሬው በቁጣ።

እመት ይታይሽ ግን ከእኔ ጋር ጉዳይ አልነበራቸውም። "አንተ ሽማግሌ! አዲስ ጋቢዬን ለብረት! ገብሴን አይጥ ሊበላው ነው? መልሱ! አሁኑኑ ወደ ቤት መልሱት!"

ተሸካሚዎቹ አመነቱ። ይርጋ ፊቱ ዐመድ መሰለ። አይሱዙው አቀበቱ ጫፍ ላይ ሆነን ይታየናል፤ ልባችንም እዚያው ነው።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ ወለተ ማርያም፣ ብረትም ቢሆን ተለቅሶለታል። የአገሩን ሰው ታውቂዋለሽ። ተለቅሶለት የወጣ ቃሬዛ ከነሸክሙ ወደ ቤት ከተመለሰ ሌላ ሰው ይጠራል ይላል።"

"ማንን ነው የሚጠራ?"

ሁሉም እሳቸውን አያቸው።

እመት ይታይሽ ጥቂት አሰቡ። "ይሂድ" አሉ። "ቶሎ ይሂድ! ምን ትጠብቃላችሁ?" ወዲያው ወደ ይርጋ ዞሩ። "ለገብሴ ግን የእንጨት መደብ ሠርተህ ታመጣለህ። መስቀሉን ምታ!" ይርጋ በቄሱ መስቀል ማለ። ቃሬዛውም በሩጫ ወደ ገሳይ ወረደ።

ሳምንት ሳይሞላ ይርጋ መደቡን ይዞ ወጣ። ሲመለስ እንደነገረኝ እመት ይታይሽ የለቀሰላቸውን ሁሉ እየጠሩ አመስግነዋል። ያን ዕለት ከለቀስተኛው መሐል ደረቅ ዓይን ይዛ የቆመችውን የባላቸውን እህት ግን እስከ ዛሬ ደጃቸውን አላስረገጧትም።

ለቶርኖው ሞተር ገጠምንለት፤ ይሠራል። አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ደብረ ታቦር ሲመጡ ጎበኙን። ይርጋ ለአያ ፈንቴ ከወይራ ከዘራ ቀረጸበት። እመት ይታይሽ ከማሽኑ ፊት ቆመው ጩኸቱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ደህና ነው" አሉኝ ሲወጡ። "እናኑን ግን አያህላትም።"

በሥራ ዘመኔ ስሕተት ላላቸው ዜናዎች ማስተባበያ ጽፌ አውቃለሁ። ሟች ራሷ ዶሮ አንጠልጥላ መጥታ ስታስተባብል ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር እሥቃለሁ፤ አንድ ነገር ግን ያስቀናኛል፤ እኔ ስሞት የእናኑን ያህል የሚጮህልኝ ጎረቤት ያለኝ አይመስለኝም።