አሥራ ሦስት ላይ የቆመው ስንጥቅ

እንኳየሁ የተወለደችው ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ደብር ግቢ ጥግ፣ በአባቷ በመሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ቤት ነው። መሪጌታ ዜማ ያስተምራሉ። እሷ ከተማሪዎቹ ጋር ባትቀመጥም ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያጠበች በጆሮዋ የያዘችው ብዙ ነው። አድጋ ጎንደር ኮሌጅ ገባች፤ አካውንቲንግ ተምራ፣ አዘዞ ቤት ተከራይታ፣ የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን በሚጠግን አንድ ፕሮጀክት ቢሮ መረጃ መዝጋቢ ሆነች።

ሥራዋ ቀላል ነበር። ግድግዳው የተሰነጠቀ ደብር ካለ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር ይመታል። ከደብሩ አንድ ሰው በየሳምንቱ በሚስማሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በብረት ማስመሪያ በሴንቲሜትር ለክቶ ይደውልላታል። እሷ ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ሞልታ ፎቅ ላይ ለሚሠራው ለኢንጂነር ህሩይ ትልካለች። ከትውልድ ደብሯ የሚለኩትና የሚደውሉት አባቷ ራሳቸው ነበሩ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን መሪጌታ ቁጥሩን ከነገሯት በኋላ ስልኩን አልዘጉም።

«ምነው አባ?» አለቻቸው።

«ከበሮውን ወደ ሰሜኑ በር አዛወርነው። ሲመታ አሸዋ ይረግፋል።»

«ከየት ነው የሚረግፈው?»

«ከስንጥቁ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ተከምሮ እናገኘዋለን። ይጠረጋል፤ በማግስቱ እዚያው ነው።»

እንኳየሁ ፎቅ ወጥታ ለህሩይ ነገረችው። ህሩይ ግዴለሽ ሰው አልነበረም። ወዲያው ፋይሉን ከፍቶ የደብሩን መስመር በጣቱ ተከተለ።

«አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት። ግድግዳው ቆሟል እንኳየሁ። የሚረግፈው አሮጌ ልስን ይሆናል፤ ዝናብ ሲገባው እንዲህ ያደርጋል።»

«እኔ ዘንድ ግን ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው» አለች።

ስክሪኑን አዞረላት። ራሷ የላከችው ፋይል ነው፤ የሞላችው መስመር ነው። ከዳር እስከ ዳር አሥራ ሦስት ይላል። ወርዳ የራሷን ከፈተች፤ 12.6፣ 12.8፣ 13.1። ምናልባት አሮጌውን ልኬ ይሆናል ብላ በፍላሽ ገልብጣ ወሰደችለት። አሁንም አሥራ ሦስት።

«የአንቺ ኮምፒውተር አምና ቫይረስ ገብቶበት አልነበር?» አላት ህሩይ። «እናሳየዋለን።»

እውነት ነበር፤ ገብቶበት ነበር። እንኳየሁ ላፕቶፗን መጠርጠር ጀመረች። ከላፕቶፑ አልፋ አባቷንም ጠረጠረች። በሚቀጥለው ሳምንት ሲደውሉ፣ «አባ፣ ሲለኩ መነጽርዎን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

መሪጌታ፣ «አደርጋለሁ ልጄ» አሉ፤ ቁጥሩን ነግረዋት ዘጉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውሉ ግን፣ «ዛሬ ከቄሰ ገበዙ ከገብረ ኢየሱስ ጋር ሁለት ሆነን ነው የለካን» ብለው ጀመሩ። 13.4 ነበር። ፎቅ ላይ አሁንም አሥራ ሦስት ነው።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ሌት ተቀን ያዘ። አንድ ማለዳ መሪጌታ 13.7 አሏት፤ ሞልታ ላከች። ብዙም ሳይቆይ ህሩይ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

«ተሳስተሽ ነው? በአንድ ሳምንት አንድ ሙሉ ሴንቲሜትር?»

«አንድ ሴንቲሜትርማ አይደለም።»

«አሥራ አራት ይላል እኮ!»

ላፕቶፗን ይዛ ወጣች። ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አድርገው አንዱን ፋይል በሁለቱም ከፈቱ። መጀመሪያ ያየችው ፊደሉን ነው። እሷ ዘንድ ቀጭን ነው፤ እሱ ዘንድ ወፍራምና ሰፊ። እሷ የጻፈችበት ፎንት በህሩይ ኮምፒውተር ላይ ስላልተጫነ ኮምፒውተሩ በሌላ ተክቶታል። እሷ ደግሞ የዓመቱ ሳምንታት በአንድ ገጽ እንዲታተሙ ብላ ዓምዶቹን አጥብባቸዋለች። እሷ ዘንድ የሚበቃው ቦታ እሱ ዘንድ አልበቃም።

ከአሥራ ሦስቶቹ አንዱን በማውስ ነካች። ከላይ ባለው ጠባብ መስመር ላይ 12.6 የሚል ወጣ። ሌላውን አሥራ ሦስት ነካች፤ 13.4። ኮምፒውተሩ ከነጥብ በኋላ ያለውን የሚያሳይበት ቦታ ሲያጣ ወደ ሙሉ ቁጥር እያጠጋጋ ኖሯል። ዓምዱን ይዛ ስትስበው ነጥቦቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ቁጥሩ አንድም ሳምንት ቆሞ አያውቅም።

ህሩይ የሌሎቹንም ደብሮች ዓምድ እያሰፋ አየ። እነሱ እንዳሉ ናቸው። የመሪጌታ ደብር ብቻ ነው የሚሄደው።

«ደውዪላቸው» አላት። ደወለች። ኔትወርክ የለም። ደግማ ሞከረች፤ የለም። ህሩይ ካፖርቱን አነሳ፤ በቢሮው መኪና ወጡ።

አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። እንኳየሁ በየመታጠፊያው ስልኳን ታያለች። ከደብሩ በር ላይ ሲወርዱ የዜማ ድምፅ ሰማች። ተማሪዎቹ በደህናው ቀን ዛፍ ሥር ነበር የሚቀመጡት፤ ዛሬ ግን ዝናቡን ሸሽተው ቅኔ ማኅሌት ገብተዋል።

«አባ! ይውጡ!» አለች ከበሩ።

መሪጌታ ቃሉን ሳይጨርሱ ማቋረጥ አልወደዱም፤ እጃቸውን አንስተው ቆዪ አሏት። በዚያች ቅጽበት ከድምፆቹ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማች። አሸዋ ነው፤ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ህሩይ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ስንጥቁ ውስጥ እስከ መዳፉ ገቡ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«መሪጌታ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቀስታ እንውጣ። ማንም እንዳይሮጥ፤ መቋሚያም መሬት እንዳይመታ።»

አንድ በአንድ፣ እግራቸውን እያነሱ ወጡ። መሪጌታ መጨረሻ ነበሩ።

ታቦቱን የማውጣቱ ነገር ቀናት አከራከረ። «እስከ ዛሬ የጠበቀን ቤት ነው፣ ትተነው ልንወጣ ነው?» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። መሪጌታ፣ «በእጄ ለክቼዋለሁ፤ አይቆምም» አሉ። በመጨረሻ ታቦቱ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ፤ ሕዝቡ ሸራ ወጥሮ ከደጅ ማስቀደስ ጀመረ።

ግድግዳው በፍልሰታ ወደቀ። ጠዋት ነበር፤ ሕዝቡ ሸራው ሥር ነው። ከፍተኛ ድምፅ አላሰማም ይላሉ፤ እንደ ከባድ ትንፋሽ ያለ ነገር ከመሬት ወጣ፣ ከዚያ አቧራ ብቻ። ቄሰ ገበዝ ገብረ ኢየሱስ ማንም ሳያያቸው፣ የተረሳ መጽሐፍ ላውጣ ብለው ገብተው ነበር። በሕይወት አወጧቸው፤ አንድ እግራቸው ግን አልተረፈም።

እንኳየሁ ጎንደር ሆስፒታል ድረስ ሄዳ ጠየቀቻቸው። «ባትመጡ ኖሮ ሁላችንም እዚያ ነበርን፣ እግዜር ይስጥሽ» አሏት። እሷ የምታስበው ሰኔን ነው፤ አባቷ ሲነግሯት ስክሪኑን ያመነችባቸውን ሳምንታት።

አሁን የትም ብትሄድ ከደጅ ነው የምታስቀድሰው። መሪጌታ አንድ እሑድ ጎንደር መጥተው አብረው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እሳቸው ገቡ፤ እሷ ግቢው ውስጥ ቀረች። ሲወጡ ለምን አልገባሽም ብለው አልጠየቋትም። አጠገቧ መጥተው ቆሙና፣ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አንስተው ረዥም ጊዜ አዩት።