የቀትር ዘብ

ጨዋታውን ማንም አላስተማረኝም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ልጆቼ ስልኬ ላይ ጭነውልኝ፣ ጣቴን ይዘው አሳይተውኝ የጀመርኩ ስለሚመስላቸው ነው። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ያለ ጊዜ፣ ስልኬ ላይ የአየር ሁኔታ ስመለከት አንድ ማስታወቂያ መጣ። ጥቁር ሰማይ፣ አንዲት ትንሽ ፕላኔት፣ ከላይዋ የምትነሣ መርከብ። ነካሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን እያነበብኩና እየተሸነፍኩ ራሴ ደረስኩበት። በጨዋታው ውስጥ የምጠራበትን ስም እዚህ አልጽፍም።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ፕላኔት ትሰጠዋለች። ማዕድን ያወጣል፣ መርከብ ይሠራል፣ ጎረቤቱን ይወጋል ወይም ይወዳጃል። መርከቦቹ የሚጓዙት በእውነተኛ ሰዓት ነው፤ ሩቅ ያለ ጠላት ጦሩን ጠዋት ቢልክ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ጦሩ ሲቃረብ የኅብረቱ አባላት በሙሉ ካርታው ላይ ቀይ መስመር ያያሉ። ጋሻውን ማንሣት የሚችለው ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩን ያየ ሰው ደውሎ ባለቤቱን መቀስቀስ አለበት። ኅብረት የሌለው ተጫዋች አንድ ወር አይቆይም።

የእኛ ኅብረት አባላት አብዛኞቹ የድሬዳዋ ሰዎች ነበሩ። መሪያችን ከዚራ ሰፈር የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ዕድሜው አርባን ያለፈ ሰው ነው። ጎበዝ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነቅቶ መቆየት ግን አይችልም። እሱ ብቻም አይደለም። በእኛ ከተማ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ ይዘጋል። ሰው ምሳውን በልቶ ይጋደማል፣ ወይም ጫቱን ይዞ ይቀመጥና ስልኩን ይረሳል። ጠላቶቻችን ይህን ደርሰውበት ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ይመጡብን ነበር። አሥር ሰዓት ላይ የተነሣው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው አመድ ነበር።

እኔ ቀትር ላይ አልተኛም። አባቴ ከደጋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቀን ላይ የሚተኛ ሰው የታመመ ወይም የሰነፈ ነው እያለ ነው ያሳደገን። ጫትም አልቅምም። መሪው ይህን ሲሰማ በኅብረቱ የመልእክት ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እትዬ፣ የቀትሩን ዘብ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ምክትሌም እርስዎ ነዎት።»

የሁሉም ስልክ ቁጥር ተሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዬን ቶሎ በልቼ ቬንቲሌተሩ ሥር ተቀመጥኩ። ቀይ መስመር ሳይ እደውላለሁ፤ የተኛው ሰው ድምፁ ተዘግቶ «ማነው» ይላል፤ «ጋሻህን አንሣ» እላለሁ፤ እዘጋለሁ። ማታ ማታ «እትዬ ዛሬም አዳኑኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። አልደብቅም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት በመሥሪያ ቤት ስሠራ እኔ በመኖሬ ምን እንደዳነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከተማው ሁሉ ሲተኛ የማትተኛዋ ሴትዮ መሆኔ የእኔ ነገር ነበር፤ ሌላ ብዙ ነገር የለኝም።

ከዚያ እሷ መጣች።

ከእሷ ጋር ፊት ለፊት በተቀመጡ ጠረጴዛዎች ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተናል። ስትቀጠር ፎርም አሞላል ያሳየኋት እኔ ነኝ። የክፍል ኃላፊ የሆነችው ግን እሷ ናት። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀው ነበር። የጅግጅጋ ነጋዴ ሲመጣ በሶማሊኛ ትቀልደዋለች፤ ከጀልዴሳ የመጣውን ገበሬ በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ ትጠይቀዋለች፤ የሐረሪ አሮጊቶችን በቋንቋቸው ታስቃቸዋለች። እኔ እዚሁ ተወልጄ ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከአማርኛ ሌላ የማውቀው ሰላምታና የገበያ ቃል ብቻ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔን ሊወስድ ይመጣና መጀመሪያ የሚቆመው እሷ ጠረጴዛ አጠገብ ነበር። ሲስቅ እሰማው ነበር። ከዚህ በላይ አልልም።

ያገኘችኝ ለቅሶ ቤት ነው። የድሮ ባልደረባችን ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። የዘቤ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ስልኩን በነጠላዬ ሸፍኜ አያለሁ።

«ምን ትደብቂያለሽ፣ አባዮ?» አለችኝ። በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ ለሁሉም ሴት ትለዋለች።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ያበራል?» ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየች። «እኛ ለሞተው እናለቅሳለን፣ አንቺ እዚህ ሌላ ትገድያለሽ። ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ጠላት ነው። በአንዱ ልጅ ላይ እየመጣበት ነው።»

«ታዲያ ምን ትጎለቻለሽ? ደውዪለታ አቦ።»

ወጥቼ ደወልኩ። በሦስተኛው ቀን የኅብረቱ አባል ሆና አገኘኋት። እኔ አልጋበዝኳትም፤ መሪውን ራሷ አነጋግራ ገባች።

እሷ አትጽፍም፤ የድምፅ መልእክት ነው የምትልከው። በአማርኛ ትጀምራለች፣ መሐል ላይ ኦሮምኛ ትገባለች፣ ስትጨርስ ሶማሊኛ ላይ ናት፣ እዚያ ደግሞ ሳቅ አለ። እኔ በጥንቃቄ የምጽፋቸውን ሦስት መስመር ማስጠንቀቂያዎች ሰው በአንድ አውራ ጣት ምልክት ያልፋቸዋል። የእሷን ቮይስ ደግመው ደጋግመው ይሰሙታል። መሪው በሁለተኛው ሳምንት «አንቺ» አላት። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ነው ያለኝ። ሌላ አገር አክብሮት ሊሆን ይችላል፤ ድሬ ላይ ግን «እርስዎ» አብሮህ ለማይቀመጥ ሰው የሚባል ነው።

በዚያን ጊዜ ሁለት ጎረቤት ኅብረቶች ነበሩን። አንዱ አዲስ አበቤዎች የሚበዙበት፣ ወዳጃችን የሆነ። ከእነሱ ጋር የምጻጻፈው እኔ ነበርኩ፤ በቀትር ሲከፋብን መርከብ ይልኩልን ነበር። ሌላው የጂቡቲዎች ኅብረት ነው፤ የእነሱም የእኛም ጠላት። እሷ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለጂቡቲዎቹ መሪ ደወለችለት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ማታ ግን ጂቡቲዎች ከእኛ ጋር ታርቀው፣ ከዚያም አልፈው ወዳጅ ሆነው አደሩ።

«ምን ብለሽው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አላልኩትም፣ አቦ። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅኩት። አክስቱ እዚሁ ለገሀሬ ነበር የምትኖረው፤ አውቃታለሁ።»

እኔ በሁለት ዓመት ያልጨረስኩትን ጦርነት በአክስት ጨረሰችው።

በማግስቱ መሪው ጻፈ፦ «ጂቡቲዎች ስለታረቁን ከዛሬ ጀምሮ የቀትር ዘብ አያስፈልገንም። እትዬ ብዙ ደክመዋል፣ ይረፉ። ምክትልነቱን ሰላሙን ላመጣችልን እናታችን ሰጥቻለሁ።» ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ተደረደረ። እኔም አንድ ጨመርኩ፤ አለመጨመሬ እንዳይታይ።

ማታ ደወለችልኝ።

«አልጠየቅኩትም፣ ወላሂ።»

«አውቃለሁ።»

«ተቀይመሻል?»

«ለጨዋታ?»

«እንግዲያው አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቀትር ላይ የእኔን ፕላኔት ብቻ አንዳንዴ እይልኝ። እነዚህን ልጆች አላምናቸውም። አንቺ ካየሽልኝ አርፌ እተኛለሁ።»

«እሺ» አልኳት።

አዲስ አበቤዎቹ ከጂቡቲዎች ጋር መወዳጀታችንን እንደ ክህደት ቆጠሩት። መሪያቸው ለእኔ ጻፈልኝ፣ በትሕትና፦ «ይህን ከእናንተ አልጠበቅንም።» መለስኩለት። ማዘኔን፣ ውሳኔው የእኔ አለመሆኑን፣ ከምክትልነት መነሣቴን፣ የቀትር ዘቡም መቅረቱን ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ውሸት የለበትም። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን ቦታውን የለቀቀ ሰው ለሚጻጻፋቸው ያሳውቃል። የቀትራችንን ሰዓት እንደሆነ ቀድሞም ያውቁት ነበር፤ ያላወቁት ማንም እንደማይጠብቀው ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ከሰባት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል፣ ቀይ መስመር ታየኝ። የሚነሣው ከአዲስ አበቤዎቹ ነው፣ የሚያልቀው እሷ ላይ። መርከቦቿ በሙሉ ቤት ነበሩ፤ በማግስቱ ከጂቡቲዎች ጋር ሊዘምቱ ተሰልፈው። ለወራት የሠራቻቸው ናቸው። እስኪደርስ አርባ ደቂቃ ይቀረዋል።

ቁጥሯን አወጣሁ። በመስኮት መንገዱን አየሁ። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ ኒም ዛፍ ሥር አንድ ባጃጅ ቆሟል፣ የሹፌሩ እግር ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። እሷም እንዲሁ መጋላ ሰፈር ቤቷ ውስጥ ተጋድማ ይሆናል፣ እኔ ስላለሁ አርፋ። ያ የክፍል ኃላፊ ወንበር ትዝ አለኝ፤ ጀርባው ላይ ሻርፗን ታንጠለጥልበት ነበር። የባለቤቴ ሳቅ ትዝ አለኝ። ተነሥቼ የምሳውን ሰሃን አጠብኩ። ስመለስ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሁሉንም ልናገር ካልኩ፣ አንዴ ቁጥሯን ነክቼዋለሁ። ሳይጠራ አቋረጥኩት።

መርከቦቹ ሲቃጠሉ ድምፅ የላቸውም። አረንጓዴ የነበረችው ነጥብ ግራጫ ትሆናለች፣ ያ ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ግሩፑ ተተራመሰ። መሪው «እትዬ፣ እርስዎ አላዩትም?» ብሎ ጠየቀ። መልሴን እየጻፍኩ ሳለሁ የእሷ ድምፅ ቀደመኝ። «ተዋት አቦ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትተኛ የጠበቀቻችሁ ሴትዮ ናት። ዛሬ እንቅልፍ ወስዷት ነው። ዕድሜ ነው፣ በሁላችንም ይመጣል።»

ሁሉም «አይዞዎት» አሉኝ። አንዱ «የእኔም እናት እንዲሁ ቁጭ ባለችበት ያሸልባታል» ብሎ የሚስቅ ፊት ጨመረበት። ከዳተኛ ቢሉኝ የምችለው ይመስለኛል። ይህን ግን አልቻልኩም።

በማግስቱ ከመጋላ በባጃጅ የደቻቱን ድልድይ ተሻግራ ሐብሐብ ይዛ መጣች። ተቀምጣ ስታጽናናኝ፣ ለጨዋታ ብዬ ራሴን እንዳልጎዳ ስትመክረኝ ትንሽ ሰማኋት።

«አልተኛሁም ነበር» አልኳት።

«ምን?»

«ከመነሻው አይቼዋለሁ።»

«ደውለሽ እምቢ ብሎሽ ነዋ። ቀትር ላይ ኔትወርኩ ያስቸግራል።»

«ኔትወርኩ ደኅና ነበር። አልደወልኩም።»

ቢላዋውን ሐብሐቡ ላይ እንደያዘች ቀረች። «በእኔ ምክንያት ነው?»

«በአንቺ ነው።»

«በምክትልነቱ?»

«ከእሱም በፊት። ኃላፊነቱን ከወሰድሽ ጀምሮ።»

ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባት። «ያ እኮ ድሮ ነው፣ አባዮ። እኔ ረስቼዋለሁ።»

«አንቺማ ትረሺዋለሽ።»

ሐብሐቡን ሳትቆርጠው ቢላዋውን አስቀመጠች። ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ለእነሱ አልነግርም።»

«ንገሪያቸው።»

«አልነግርም። ተኝታ ነበር ብያለሁ፤ ተኝተሽ ነበር።»

ከሄደች በኋላ ስልኬን ከፍቼ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ትናንት አልተኛሁም ነበር። እያየሁ ነው ያልደወልኩት።» ልብ የሚመስሉ ምልክቶች መጡልኝ። መሪው «እትዬ፣ ራስዎን አይውቀሱ፣ እንቅልፍ ማንንም ይወስደዋል» አለ። ከዚያ የእሷ ቮይስ መጣ፣ አጭር፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያለበት። «አላልኳችሁም? ሰው ተኝቶ ሲነሣ ተኝቼ ነበር ብሎ አያምንም።» ሁሉም ሳቁ። ይቅር ብላኝ ይሁን፣ የት ቢመቱኝ እንደሚያመኝ አውቃ ይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። እሷም እኔ ቤት ተመልሳ አልመጣችም።

የቀትር ዘቡ ተመለሰ፤ ለእሷ ተሰጠ። ዕድሜዋን ሙሉ ቀትር ላይ የተኛች ሴት አሁን ነቅታ ትውላለች። በየመሐሉ እየቀለደች ስለምታስቃቸው፣ አንዳንዶቹ እሷን ለመስማት ብለው እንቅልፋቸውን ትተዋል። እኔ ያለሁት በተራ አባልነት ነው። ልወጣ ብዬ ሁለት ጊዜ ቁልፉ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ብወጣ እንቅልፍ አሸንፏት ተወች ነው የሚሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ቀይ መስመር ወደ እኔ ፕላኔት መጣ። ቬንቲሌተሩ ሥር ተቀምጬ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ አየሁት። ጋሻዬን አላነሣሁም። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ትደውል እንደሆነ ጠበቅኩ። ወዲያው ደወለች።

«ሴትዮ፣ ተነሺ» አለችኝ። አባዮ አላለችኝም። «እየመጡብሽ ነው።»

«ነቅቻለሁ» አልኳት።

«እሺ፣ እሺ። ተነሺና ጋሻሽን አንሺ።»