ሦስት ጓጉንቸር ያለው ቁም ሳጥን

የእድራችን ቁም ሳጥን ሦስት ጓጉንቸር ነበረው። አንዱን ቁልፍ ሊቀመንበሩ፣ አንዱን ንብረት ያዡ፣ አንዱን ደግሞ ጸሐፊዋ እኔ እንይዛለን። ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። አንድ ሰው ብቻውን ድስት እንዳይወስድ ድሮ አባቶች ያወጡት ደንብ ነው፤ ለድስት መልካም ነበር። ማይክሮስኮፕ እዚያ ውስጥ ይቆለፍ ያሉት ግን አባቶች አይደሉም። እኔ ነኝ።

ሠላሳ ዓመት በጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ቤት መዋል አንገፈገፈኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእድሩ አዳራሽ የሰፈሩን ልጆች ሳይንስ ላስተምር ብዬ ተነሳሁ፤ በነጻ። ቂርቆስ ውስጥ በነጻ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይጠረጠራል፣ ከዚያ ኮሚቴ ይደረጋል። እኔንም አደረጉኝ።

ሊዘጋ የነበረ አንድ ክሊኒክ ደጅ ጠንቼ ሁለት ማይክሮስኮፕ አገኘሁ። የርክክቡ ቀን ባነር ተሰቀለ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ፎቶ ተነሳን። ልጆቹ ወደ ጠረጴዛው ሲንጋጉ ሊቀመንበሩ፣ የእኔ ታላቅ የሆኑ የድሮ የመንግሥት ሠራተኛ፣ "ኧረ ይሰብሩታል!" ብለው ጮኹ። እኔም ደነገጥኩ። በሥራ ዘመኔ አንድ ሌንስ ተሰብሮብኝ ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ተመላልሻለሁ፤ የፈረምኩበት ዕቃ ሲነካ ዛሬም አያስችለኝም። "ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፤ በሦስቱም ቁልፍ ይቆለፍ" አልኩ። ቃለ ጉባኤውንም በራሴ እጅ ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ሦስታችን ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ የተገኘንበት ቀን የለም። አንዱ ለቅሶ ነው፣ አንዱ ሱቅ ነው። ሁለት ክረምት እንዲሁ አለፈ። እኔ በጠመኔ አሜባ እስላለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ማይክሮስኮፖቹ ከኋላቸው ተቆልፈው ተቀምጠዋል። ወይ ነዶ! አሁን ሳስበው ቆሽቴ ያርራል።

ከልጆቹ አንዷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ እናቷ ኡራኤል አንድ ቢሮ ታጸዳለች። ግቢያቸው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ በበርሜል ያጠራቅማሉ። ትንሽ ወንድሟን ተቅማጥ ሲያመላልሰው ነገሩን ያዘችው። ክዳን ካለው በርሜል፣ ክዳን ከሌለው፣ ሦስት ቀን ካደረው፣ በጠርሙስ እየቀዳች፣ ወንድሟ ከየትኛው ጠጥቶ መቼ እንደታመመ በደብተር ትጽፋለች። "ቲቸር፣ ማለቴ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ካየሁ በቃ ጨረስኩ" ትለኛለች። ይህን ሁሉ የምትለፋው ለአንድ የክረምት የሳይንስ ሥልጠና ነው። ከሰፈራችን አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወስዱት፤ እሱም የራሱን ሥራ አቅርቦ የተመረጠውን። ልጅቷ በዚያ ዓመት ሌላ ምንም አልተመኘችም። እኔም ለማንም ልጅ ይህን ያህል ተመኝቼ አላውቅም።

የምታቀርበው ቅዳሜ ነበር። ረቡዕ ዕለት ቁልፌን ይዤ ሊቀመንበሩ ቤት ሄድኩ። ንብረት ያዡ ሐጂ ግን የሉም፤ ካዛንቺስ የነበረው ሱቃቸው ከነሰፈሩ ፈርሶ ከተማ ዳር ከገቡ ሳምንታቸው ነው። እዚያው ቆሜ ደወልኩላቸው።

"ወላሂ እትዬ፣ ቁልፉ በየትኛው ጆንያ እንደገባ እኔም አላውቅ። ስበሩት! ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉኝ።

ይህንኑ ለሊቀመንበሩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "ያለ ቃለ ጉባኤ የእድር ጓጉንቸር አይሰበርም። እሑድ ስብሰባ አለ፣ እሑድ ይወሰናል።"

"ጋሼ፣ ልጅቷ የምታቀርበው ቅዳሜ ነው እኮ!"

"ይቆለፍ ብለሽ የጻፍሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ?"

እኔው ነኝ። መዶሻ አጥቼ ነው? ጎረቤቴ አናጺ ነው! ግን እሺ ብዬ ወጣሁ። ሰብራ ወሰደች እንዳልባል ፈራሁ፤ ሠላሳ ዓመት ለማህተም ያጎነበሰ ወገብ በአንድ ረቡዕ አይቃናም። ማታውን ቁጭ ብዬ በርሜል ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ሁሉ በቀለም አሳምሬ ሣልኩና ለልጅቷ ሰጠኋት።

"እና ቲቸር፣ ምን አየሁ ልበል?"

"ሥዕሉን አሳያቸው... ማለቴ፣ አሳዪያቸውና ይገባቸዋል" አልኳት። ምላሴም አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ልጆቹ ሥራቸውን በሚያቀርቡበት አዳራሽ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ከዳኞቹ አንዷ የልጅቷን ደብተር ገጽ በገጽ ገልጣ ወደደችው፤ ልቤ ሞቀ። ከዚያ ሥዕሉን አነሳችና "ይህን በዓይንሽ አይተሽ ነው?" አለቻት።

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

"አላየሁም" አለች። "ማይክሮስኮፕ አለን፤ ግን ተቆልፎብን ነው።"

አዳራሹ ሳቀ። የተመረጠው ሌላ ልጅ ነው።

እሑድ ስብሰባው ተደረገ። ጓጉንቸሩ ይሰበር ተብሎ በአምስት ደቂቃ፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ቃለ ጉባኤውን እኔው ጻፍኩ። አናጺው ጎረቤቴ መጥቶ አንዴ ቢመታው ወለቀ። አንዴ!

ቢዘገይም ትይ ብዬ ልጅቷን አስጠራኋት። የበርሜሉን ውሃ በጠርሙስ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ እጇን ታጥባ ስለነበር ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ማይክሮስኮፑ የርክክቡን ቀን ፕላስቲክ እንደለበሰ ነበር። አወለቅኩለት፤ ጠብታዋን አድርጌ ወንበር ሰጠኋት። ዓይኗን ደቅና ብዙ ቆየች። 

"እስቲ" ብዬ እኔም አየሁ። ግራጫ ብቻ። ሌንሱ ከውስጥ ሻግቷል። ሁለተኛውንም አወጣሁ፤ ያው ነው። የእድሩ አዳራሽ ግድግዳ በክረምት ውሃ ያንጠባጥባል። በእርጥበት የታፈነ ሌንስ እንደሚሻግት በሰፈሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ ደመወዝ ሲከፈለኝ የኖርኩት ይህንን በማወቅ ነው።

ቀና ስል ልጅቷ ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ሁለት እጇን ከጀርባዋ ደብቃ ቆማለች።

"ቲቸር፣ በማርያም፣ እኔ አይደለሁም" አለችኝ። "ምንም አልነካሁም።"