ድንጋዬን እንዳታነሣብኝ

ደባርቅ ላይ የእኛ ቢሮ ባለጉዳይ ወረፋ የሚይዘው በድንጋይ ነው። የይዞታ ማስረጃ ፈላጊው ድንጋዩን በረንዳው ላይ በተራው ያስቀምጥና ገበያ ይሄዳል። ኮምፒውተራችን አዲስ ሲስተም በተጫነበት ማግስት ከመስኮቴ የሚታየኝ የድንጋይ ሰልፍ ብቻ ነበር። ፊት ለፊቴ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባዬ ጎንደር ተዛውሯል፤ ወንበሩ ላይ የተበላሸ ፕሪንተር ተቀምጧል። ስደውልለት አያነሣም።

ፕሮግራማችን ከዳታቤዙ ጋር አልገናኝ ብሏል። «የመረጃ ምንጩ ስም አልተገኘም» ይላል። ሁለቱን የሚያገናኘውን ድራይቨር እንደገና ጫንኩ፤ ግንኙነቱን በሴቲንግ መስኮቱ ዳግም መዘገብኩ። እዚያ ስሞክረው ይሠራል፤ ፕሮግራሙን ስከፍት ያንኑ ይመልስልኛል።

ድንጋያቸውን ትተው ያልሄዱት ከአምቢኮ የመጡ አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም እርሻውን ይገባኛል ብሎ ከሷቸዋል። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ማስረጃውን ካልያዙ እርሻው ሊሄድባቸው ነው።

«ትናንት ደህና አልነበረም እንዴ?» አሉኝ።

«አሻሽለውት ነው፣ እማማ።»

«ተሻሽሎ ነው እንዲህ የሆነው? እኔንስ እንዳያሻሽሉኝ።»

ሳቅኩ። ከሰው ጋር ከሳቅኩ ሰንብቶ ነበር።

ይኼኔ አንድ ጎልማሳ በሩን ገፍቶ ገባ። «ድንጋዬን ማን አነሣብኝ?»

እሳቸው በመስኮቱ አሻግረው አዩ። «ማንም አላነሣብህም። የግብር ከፋዮቹ በር ላይ አሰልፈኸው እኮ ነው። ያውልህ እዚያ፣ ብቻውን ይጠብቅሃል።»

ሰውየው እያጉረመረመ ሲወጣ እጄ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። አዲሱ ሲስተም ሁለት የሴቲንግ መስኮት አለው፤ አንዱ ለአዳዲስ ፕሮግራሞች፣ ሌላው ለአሮጌዎቹ። የእኛ አሮጌ ነው። እኔ ረፋዱን ሙሉ የመዘገብኩት በአዲሶቹ በኩል ነበር። ሌላውን ፈልጌ ከፈትኩ፤ አሮጌው ድራይቨር እዚያ አለ። ግንኙነቱን እዚያ መዘገብኩ። የእሳቸው ስም ከባላቸው ስም ጋር ስክሪኑ ላይ ወጣ።

አትሜ፣ ማኅተም መትቼ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ካልቀናኝ እመለሳለሁ። ድንጋዬን እንዳታነሣብኝ።»

ሲስተሙ መሥራቱን ልነግረው ባልደረባዬ ጋር ደወልኩ። አላነሣም። በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ግጥም ጀመርኩ፤ ሁለት መስመር ላይ ቆመ።

ድንጋያቸው እስካሁን በረንዳው ላይ አለ፤ ባለጉዳዩ ሰልፉን የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። እሳቸው አልተመለሱም። ቀንቷቸው ነው እላለሁ፤ እንዲቀናቸውም ነው የምፈልገው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ቀና እላለሁ።